የምናብ አገሮች ጨዋታ በቴሌግራም፦ ከካርታው እስከ መጨረሻው ዙር

«ግሩፓችን ውስጥ አገር አገር እንጫወት ብለን ጀመርን፤ ሳምንት ሳይሞላው ቀዘቀዘ። ምኑ ጋ ተበላሸ?» ይህ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣብኛል። ታሪኩ ግን ያው ነው። ስለ ፊልምና ስለ ጌም የሚያወራ ግሩፕ አለ። አንዱ ይነሳና «ከዛሬ ጀምሮ ንጉሥ ነኝ» ይላል። ሌላው ሪፐብሊክ ያውጃል። ባንዲራ ይሳላል፣ መዝሙር ይደረሳል፣ ሚኒስትር ይሾማል። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት ይታወጃል። ያኔ ማን እንዳሸነፈ የሚወስን ይጠፋል። ሁለቱ ይኮራረፋሉ፣ የቀረው ወደ ፊልሙ ወሬ ይመለሳል።

የጎደላችሁ ዳኛና የመዝጊያ ሰዓት ነው። ሐሳብማ ሞልቷል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ስልክ ብቻ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ኦንላይን መሆን አይጠበቅበትም። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ፣ አንዱ ፈተና ላይ ቢሆን ጨዋታው ይቀጥላል። ጽሑፍና አንድ የካርታ ፎቶ ብቻ ስለሚጠቀም ዳታም አይበላም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከ4 እስከ 6 ተጫዋች። በ3 ሰው ከተጫወታችሁ ሁለቱ ሲስማሙ ሦስተኛው አለቀለት። ከ6 በላይ ከሆናችሁ የዳኛው ሒሳብ ይበዛል።
- አንድ የማይጫወት ዳኛ።
- ዝግ የቴሌግራም ግሩፕ። በሊንክ ብቻ የሚገባበት ይሁን።
- ባለ ካሬ መስመር ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ጥቂት ባለቀለም እርሳሶች።
- ለሒሳብ ሌላ ደብተር ወይም ጎግል ሺትስ። ሺትስ ከሆነ ተጫዋቾች እንዲያዩት እንጂ እንዲነኩት አትፍቀዱ።
- ዳይስ። ቴሌግራም ውስጥ ያለው ይበቃል።

1. መጀመሪያ ወሬውን ከጨዋታው ለዩት

ግሩፑን ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ «ቶፒክስ» የሚለውን አብሩት። ከዚያ 5 ክፍል ክፈቱ፦ ፊልም፣ ጌም፣ የአገሮች ወሬ፣ ማስታወቂያ፣ ካርታና ሒሳብ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን «ክሎዝ» አድርጓቸው፤ ያኔ አድሚን ብቻ ነው የሚጽፍባቸው።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? የዙሩ ውጤት በ200 የሜም መልእክት ሥር ከተቀበረ ማንም አያገኘውም። ያላገኘው ሰው ትዕዛዝ አይልክም። ትዕዛዝ ያልላከ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ያፍርና ይጠፋል። አብዛኛው ጨዋታ የሚሞተው እንዲህ ነው፤ በጸብ የሚሞተው ጥቂቱ ነው።

አዲስ አባል የቆየውን መልእክት ማየት እንዲችል የቻት ታሪክ ማሳያውን ክፍት አድርጉት። ካልሆነ ዘግይቶ የገባ ሰው ካርታውን አያየውም፤ እናንተም ያንኑ ፎቶ ስትልኩ ትኖራላችሁ።

2. ዳኛ ምረጡ፤ ዳኛው አይጫወት

ዳኛው ካርታውን ይስላል፣ ሒሳብ ይይዛል፣ ዳይስ ይጥላል፣ ዙር ይዘጋል። የራሱ አገር ሊኖረው አይገባም። ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ አንድ ቀን ዳይሱ ለእሱ 6 እና 6 ይወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚያምነው የለም።

ግሩፑን የፈጠረው ሰው ዳኛ መሆን የለበትም። ብዙ ጊዜ ንጉሥ መሆን የሚፈልገው እሱ ነው። በጣም ቀልደኛውንም አትምረጡ። ሒሳብ የማይሰለቸውን፣ ቀጠሮ የሚያከብረውን ምረጡ። ምክትል ዳኛም ያስፈልጋል። ዋናው የታመመ ቀን ዙር የሚዘጋው እሱ ነው፣ እሱም አይጫወትም።

አንድ ሕግ በመጀመሪያው ቀን ይነገር፦ በዙሩ ውስጥ የዳኛ ውሳኔ የመጨረሻ ነው። ቅሬታ ካለ ዙሩ ከተዘጋ በኋላ ይታያል፤ ሕግ ከተቀየረም ለሚቀጥለው ዙር ብቻ ነው።

3. ካርታውን ሳሉ

10 በ10 ካሬ አስምሩ። ወደ ታች ከ1 እስከ 10 ቁጥር ስጡ። ወደ ጎን ደግሞ እነዚህን ፊደላት ጻፉ፦ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ፣ በ፣ ተ፣ ነ፣ ከ።

አንዳንድ ፊደላትን የዘለልነው በምክንያት ነው። ሐ እና ሠ ካርታው ላይ ከገቡ አንዱ በድምፅ መልእክት «ሀ 4» ሲል የትኛውን እንደሆነ አታውቁም። ብዙ ሰው ሲጽፍም ይለዋውጣቸዋል። ሸ፣ ቸ እና ኘ ደግሞ በእጅ ሲጻፉ ከሰ፣ ከተ እና ከነ ጋር ይምታታሉ። በእነዚህ ምክንያት የተነሳ የድንበር ክርክር ማንም አያሸንፈውም።

100ውን ካሬ እንዲህ ከፋፍሉት፦

- ለም መሬት 45
- ተራራ 20
- በረሃ 15
- ውኃ 20

ውኃ የማንም አይደለም። አንድ ትልቅ ሐይቅና አንድ ረጅም ወንዝ አድርጉት። የተበታተነ ኩሬ ካርታውን ያስቀይማል እንጂ ለጨዋታው አይጠቅምም። ረጅም ወንዝ ግን መተላለፊያ ያጠባል። መተላለፊያ ከጠበበ የሚደራደሩበት ነገር አገኙ ማለት ነው።

መነሻ ቦታዎቹን ዳኛው ያዘጋጅ። እያንዳንዱ 3 ለም መሬትና 1 ተራራ ይኑረው፤ በሁለት መነሻዎች መካከል ቢያንስ 2 ባዶ ካሬ ይቅር። ከዚያ ዕጣ አውጡ። ዳኛው ለማን የትኛው እንደሚደርስ ሳያውቅ ስለሳለ አድልቷል የሚል አይኖርም።

ካርታውን በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት። በአምፖል ሥር ከተነሳ ቀለሞቹ ይመሳሰላሉ።

4. ለአገሮቹ ስም ስጡ፤ ከጓዳ ይሁን

የሽሮ ሪፐብሊክ። ታላቋ ቆሎ። የዳቦ መንግሥት። የድፎ ነው ወይስ የአምባሻ የሚለውን የእርስ በርስ ጦርነት ለእነሱ ተዉላቸው።

እየቀለድኩ ብቻ አይደለም። እውነተኛ የክልል፣ የብሔር፣ የሃይማኖት፣ የከተማ ወይም የጎረቤት አገር ስም ካርታው ላይ አታስገቡ። እውነተኛ ባንዲራም፣ የመንግሥት ዓርማም ይቅር። ጨዋታው ውስጥ መሬት ይነጠቃል፣ ሕዝብ ይፈናቀላል፣ ጦርነት ይታወጃል። የምግብ ስም ሲሆን ያስቃል። እውነተኛ ስም ሲሆን ግን ሁለተኛው ዙር ላይ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል፤ ግሩፑም አብሮ ይፈርሳል። «እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን፣ ችግር የለም» የሚል ካለ እሱንም አትስሙት። የግሩፑ መልእክት ከግሩፑ ይወጣል።

እያንዳንዱ ተጫዋች ስለ አገሩ 5 መስመር ይጻፍ፦ የመሪው ማዕረግ፣ የአገሩ መፈክር፣ የሚወዱት ነገር፣ የሚፈሩት ነገር፣ ከማን ጋር ተኮራርፈው እንደነበር። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። 20 ገጽ ሕገ መንግሥት ጽፎ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ዙር ላይ ደክሞት ይቆማል።

5. ኢኮኖሚውን በ2 ነገር ብቻ አቁሙት

እህልና ወርቅ። ሦስተኛ ነገር አትጨምሩ። ብረት፣ እንጨት፣ ነዳጅ፣ የሕዝብ ደስታ እያላችሁ ስትጨምሩ ዳኛው የሚያወጣው ሰዓት ይበዛል፤ ዳኛው ሲደክመው ደግሞ ዙር ይዘገያል።

በየዙሩ መጀመሪያ፦

- ለም መሬት 2 እህል ይሰጣል።
- ተራራ 1 ወርቅ ይሰጣል።
- በረሃ ምንም አይሰጥም።
- የያዛችሁት ካሬ ሁሉ፣ በረሃም ቢሆን፣ 1 እህል ይበላል።

ሁሉም አገር ሲጀምር 10 እህልና 3 ወርቅ ይያዝ።

የመጨረሻዋን መስመር እንዳትዘሏት። ካሬ እህል የማይበላ ከሆነ ቀድሞ የሰፋው አገር እየሰፋ ብቻ ይሄዳል፤ አራተኛው ዙር ላይ አሸናፊው ይታወቃል፣ የቀሩትም መጫወት ይተዋሉ። በዚህ ሕግ ግን ተራራ የሚሰበስብ አገር ይርበዋል፣ እህል ያለው ወርቅ ያጣል። ስለዚህ መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል። እህሉ ከዜሮ በታች የወረደበት አገር 1 ካሬ ያጣል። የሚያጣው ከመነሻው በጣም የራቀውን ነው፤ ካሬውም ባዶ ይሆናል።

በአንድ ዙር ለአንድ አገር 2 ትዕዛዝ ይፈቀዳል፦

- ማስፋፋት፦ አጠገቡ ያለ ባዶ ካሬ መያዝ። 3 እህል።
- ምሽግ መገንባት፦ 2 ወርቅ።
- ገበያ መገንባት፦ 3 ወርቅ። ገበያ ካለው ሌላ አገር ጋር የንግድ ውል ሲገባ ለሁለቱም በየዙሩ 1 ወርቅ ያስገባል። አንድ ገበያ ለአንድ ሸሪክ ብቻ ነው።
- መዝመት፦ አጠገቡ ያለ የሌላ አገር ካሬ ላይ። 2 ወርቅ።

እህልና ወርቅ መለዋወጥ ትዕዛዝ አይቆጠርም። የፈለጉትን ያህል ይነግዱ። ጨዋታውን የሚያቆየው ንግግሩ ስለሆነ ዋጋ አትጫኑበት።

አንድ ምሳሌ እንይ። የሽሮ ሪፐብሊክ 4ኛው ዙር ላይ 7 እህልና 4 ወርቅ አለው። የያዘው 5 ካሬ ነው፦ 4 ለም፣ 1 ተራራ። 8 እህልና 1 ወርቅ ይገባለታል፤ 5 እህል ይበላል። ስለዚህ 10 እህልና 5 ወርቅ ሆነ። የላከው ትዕዛዝ ይህ ነው፦

«የሽሮ ሪፐብሊክ፣ ዙር 4
1. ማስፋፋት፦ መ5
2. ምሽግ፦ ለ4
ማስታወሻ፦ ክቡር የዳቦ ንጉሥ ትናንት ስላሉት ነገር ሕዝባችን በጣም አዝኗል።»

3 እህልና 2 ወርቅ ሲቀነስ 7 እህልና 3 ወርቅ ቀረው። ዳኛው ይህን በአንድ መስመር ይጽፋል፤ ማስታወሻውን ግን እንዳለ ወደ «የአገሮች ወሬ» ያወጣዋል። ሰው ተመልሶ የሚመጣው ለማስታወሻው ነው።

6. የመዝጊያ ሰዓቱን ቁረጡ፤ በሁለት አቆጣጠር ጻፉት

በሳምንት 2 ዙር ጥሩ ነው። ለምሳሌ ማክሰኞና ዓርብ ምሽት ይዘጋ። በየቀኑ ከሆነ ሥራ ያለው ሰው ይወጣል። በሳምንት አንዴ ከሆነ ደግሞ ሰው ይረሳል።

አሁን ብዙ ግሩፕ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ዳኛው «ማክሰኞ 2 ሰዓት ይዘጋል» ብሎ ይጽፋል። አዲስ አበባ ያለው ምሽት 2 ሰዓት ይገባዋል። ዋሽንግተን ያለው ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ነው ብሎ ይጠብቃል። ዱባይ ያለው ደግሞ የእናንተ ነው ወይስ የእኔ ብሎ ሳይጠይቅ ይገምታል። ከዚያ አንዱ አምልጦት ይናደዳል።

ስለዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ጻፉ፦ «ማክሰኞ ምሽት 2፡00 በሀበሻ፣ 20፡00 በፈረንጅ፣ የአዲስ አበባ ሰዓት።» ለሌሎቹም ተርጉማችሁ ማስታወቂያው ላይ ፒን አድርጉት። ያ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር፦

- ሪያድ፦ 20፡00፣ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል
- ዱባይ፦ 21፡00
- ቴል አቪቭ፦ በክረምታቸው 19፡00፣ በበጋቸው 20፡00
- ዋሽንግተን፦ በክረምታቸው 12፡00 ቀን፣ በበጋቸው 13፡00

አሜሪካ ማርችና ኖቬምበር ላይ ሰዓቷን ትቀይራለች። እስራኤልና አውሮፓም በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይራሉ፤ ቀናቸው ግን ከአሜሪካ ይለያል። ኢትዮጵያና የባሕረ ሰላጤው አገሮች አይቀይሩም። በእነዚያ ሳምንታት ዳኛው አንድ ቀን ቀድሞ ያስታውስ።

በቀን ቁጥር ፋንታ የሳምንቱን ቀን ስም ጻፉ። «በ12 ይዘጋል» ስትሉ በየትኛው ካላንደር እንደሆነ የሚጠይቅ ይመጣል። ፋሲካ፣ ኢድ ወይም የፈተና ሳምንት ሲሆን ዙር አትዝጉ፤ ዕረፍቱን ግን አስቀድማችሁ ንገሩ። ሳይነገር የተዘለለ አንድ ዙር ጨዋታው አልቋል የሚል ወሬ ያስነሳል።

ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋ። ትዕዛዝ ያልላከ አገር እህሉን ይሰበስባል፣ ይበላል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። ቅጣት አትጨምሩበት። 2 ተከታታይ ዙር ከጠፋ ግን ዳኛው በኢንቦክስ ይጠይቀው፤ መልስ ከሌለ አገሩ ተጠባባቂ ላለ ሰው ይተላለፋል። አገሩን አታጥፉት። ከጠፋ ጎረቤቶቹ ያለ ድካም መሬት ያገኛሉ።

7. ትዕዛዝ ለዳኛው በኢንቦክስ ይላክ

ግሩፑ ላይ ትዕዛዝ ከተጻፈ መጨረሻ የጻፈው ያሸንፋል። ሌሎቹ ያደረጉትን አይቶ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ሁሉም ለዳኛው በግል ይላክ፤ ዳኛውም ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉንም አንድ ላይ ያውጣ።

ዳኛው ትዕዛዞቹን ልክ በመዝጊያው ሰዓት ወደ ደብተሩ ይገልብጣቸው። ቴሌግራም ላይ የተላከ መልእክት በኋላ ሊስተካከል ይችላል፤ መስተካከሉን የሚያሳይ ምልክት ይወጣል እንጂ ምኑ እንደተቀየረ አያሳይም። ደብተሩ ላይ ያለው ነው የሚቆጠረው።

ሁለት አገሮች አንድን ባዶ ካሬ በአንድ ዙር ከጠየቁ ማንም አያገኘውም፤ እህላቸው ግን ይመለስላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ድርድር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ።

8. ጦርነት በዳይስ ይለቅ፤ ጥቅሙ ትንሽ ይሁን

ዳኛው «ካርታና ሒሳብ» ክፍል ውስጥ የዳይስ ኢሞጂውን ብቻውን ይልካል፣ ሁለት ጊዜ። ከጎኑ ሌላ ጽሑፍ ካለበት አይሽከረከርም። የሚወጣውን ቁጥር የሚወስነው የቴሌግራም ሰርቨር ስለሆነ ዳኛው የፈለገውን ማውጣት አይችልም። ተጫዋቾች ራሳቸው እንዲጥሉ አትፍቀዱ። ደስ ያላላቸውን አጥፍተው ደግመው ይጥላሉ፤ ከዚያ ክርክር ነው።

ሁለቱን ቁጥር ደምሩ፦

- 10 እና ከዚያ በላይ፦ አጥቂው ካሬውን ይወስዳል።
- ከ7 እስከ 9፦ ማንም አላሸነፈም። ሁለቱም 3 እህል ያጣሉ።
- 6 እና ከዚያ በታች፦ አጥቂው ተመልሷል። እሱ ብቻ 3 እህል ያጣል።

ሸሪክ አገር 1 ወርቅ ከፍሎ ከደገፈ ለአጥቂው 1 ይደመርለታል፤ ከ2 በላይ ግን አይደመርም። ካሬው ላይ ምሽግ ካለ 1 ይቀነስበታል።

ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት ውጤት አለው። ከዚያ ውስጥ 10 እና ከዚያ በላይ የሚሆነው 6ቱ ነው። ብቻውን የሚዘምት አገር ከ6 ጊዜ 1 ጊዜ ያሸንፋል ማለት ነው። አንድ ደጋፊ ሲኖረው ከ36ቱ 10፣ ሁለት ሲኖረው 15 ይሆንለታል። ምሽግ ላይ ብቻውን ከሄደ 3 ብቻ። ይህን ሆን ብለን ነው ያከበድነው። ጦርነት ቀላል ከሆነ ሰው አይነጋገርም፤ በየዙሩ ዳይስ ይጣላል፣ የተሸነፈው ይወጣል። ከባድ ሲሆን ግን ከመዝመቱ በፊት ሸሪክ መለመን አለበት። ሸሪኩ ዋጋ ይጠይቃል። ዋጋው ወሬ ይሆናል፣ ወሬው ሾልኮ ይወጣል፣ ሊዘመትበት የታሰበው አገርም ይሰማና ምሽግ ይሠራል።

9. ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ማስከበር ግን የዳኛው ሥራ አይደለም

ሁለት አገሮች ውል ሲገቡ «የአገሮች ወሬ» ውስጥ ይጻፉት፦ ማን ከማን፣ ምን፣ እስከ ስንተኛው ዙር። የምስጢር ውል ከሆነ ለዳኛው ይላክ፤ እሱ አይናገርም። ውል ያፈረሰ ሰው በዳኛ አይቀጣም። ስሙ ይጠፋል፣ ያ ይበቃዋል። ዳኛው ውል ማስከበር ከጀመረ ጠበቃ የሚሆን ተጫዋች አይጠፋም፤ ምሽቱ በሙሉ የቃላት ትርጉም ክርክር ይሆናል።

10. ፊልሙንና ጌሙን አትግደሏቸው

የምናብ አገሩ ሲሞቅ የፊልሙ ክፍል ይቀዘቅዛል። የማይጫወቱት አባላት ያሉት ግን እዚያ ነው፤ ተጠባባቂ ተጫዋችም የምታገኙት ከእነሱ ነው።

ለፊልም አንድ ሕግ ይበቃል፦ መጀመሪያ የት እንደደረሳችሁ ጻፉ፣ ቀጥሎ ታሪኩን በስፖይለር ሸፍኑ። ጽሑፉን መርጣችሁ ከአማራጮቹ «ስፖይለር» የሚለውን ስትነኩ ይደበዝዛል፤ ማንበብ የፈለገ ብቻ ይነካዋል። በተለይ ተከታታይ ድራማ ላይ ይህ ግድ ነው። አንዱ በአማርኛ ተተርጉሞ በቲቪ የሚተላለፈውን ይከታተላል፣ ሌላው በሰብታይትል ኢንተርኔት ላይ ጨርሶታል። ድራማው አንድ ነው፣ የደረሱበት ክፍል ግን በጣም ይራራቃል። «ፊልሙ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «አሪፍ ነው» ብቻ ነው። «ልጅቷ ደብዳቤውን ለምን ደበቀችው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ጌሙን ከአገሮቹ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሁለት አገሮች በአንድ ካሬ ከተጣሉ፣ ሁለቱም ከተስማሙ፣ በዳይስ ፋንታ አንድ የስልክ ኳስ ግጥሚያ ይጫወቱ። ሁለቱም መስማማታቸው ግን ግድ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገውን ልጅ ስልኩ ከሚንቀራፈፍበት ሰው ጋር አስገድዳችሁ ብታጋጥሙት ያው መሬት መንጠቅ ነው።

11. መጨረሻውን መጀመሪያ ላይ ወስኑ

12 ዙር። በሳምንት 2 ከሆነ 6 ሳምንት ነው። መጨረሻ የሌለው ጨዋታ ላይ የተሸነፈ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይወጣል፤ ያሸነፈውም ይሰለቸዋል።

ነጥቡ፦ ለአንድ ካሬ 1፣ እስከ መጨረሻው ለቆየ የንግድ ውል ለሁለቱም 3፣ ተጫዋቾቹ በፖል «ከሁሉ ደስ የሚል ማስታወሻ የጻፈ» ብለው ለመረጡት 5። ፖሉ ስም የማይታይበት ይሁን፣ ለራስ መምረጥም ክልክል ነው። ይህች 5 ነጥብ ትንሽ አገር ይዞ የቀረው ሰው መጻፉን እንዳያቆም ታደርጋለች።

ማስጠንቀቂያ

ከሕጎቹ ሁሉ በፊት ይህን አንብቡ።

እያንዳንዱ የጦርነት አዋጅና የዙር ውጤት ከላዩ «ጨዋታ» የሚል ቃል ይኑረው። «ነገ ማለዳ ድንበሩን እንሻገራለን» የሚል ጽሑፍ ከግሩፑ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲደርስ ማን እንደጻፈውና ለምን እንደጻፈው የሚያብራራለት የለም። የምግብ ስሙ ያኔም ያድናችኋል።

በእውነተኛ ብር አትወራረዱ። ካርድም ቢሆን። ብር ሲገባ ዳኛው የሚሰጠው ውሳኔ ሁሉ ጠላት ያፈራበታል።

ፓስፖርትና ማህተም እየሠራችሁ መዝናናት ይቻላል። ግን ቀልድ መሆኑ በሩቁ የሚያስታውቅ ይሁን። የእውነተኛ መንግሥት ዓርማ ያለበት ነገር ማተም ጨዋታ አይደለም።

«አገሬን ለመመዝገብ የደረሰህን ኮድ ላክልኝ» የሚል መልእክት ከመጣ፣ ከጓደኛችሁም ቢሆን፣ አትላኩ። ያ የቴሌግራም መግቢያ ኮድ ነው፤ ሰውየው አካውንታችሁን ሊወስድ ነው። ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል አሁኑኑ አብሩ። ግሩፑ ውስጥ የማታውቁት ሰው ካለ ስልክ ቁጥራችሁን ከፕራይቬሲ ውስጥ ደብቁ። ጌም ክፍል ላይ «የተከፈተ» ወይም «ያልተገደበ ሳንቲም ያለው» እየተባለ የሚላክ ኤፒኬ ፋይል ስልካችሁ ላይ አትጫኑ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ሕግ በመሀል መጨመር። አንዱ 5ኛው ዙር ላይ «ባሕር ኃይል ይኑር» ይላል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ጻፉትና ለሚቀጥለው ጨዋታ አቆዩት። በመሀል የገባ ሕግ ሁልጊዜ አንዱን ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ያመጣውን ነው።

«ሚሳይል ሠርቻለሁ» የሚል ተጫዋች። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ማስታወሻ ነው እንጂ ትዕዛዝ አይደለም። ዳኛው ማስታወሻውን ይለጥፈዋል፣ ሒሳቡ ላይ ግን ምንም አይነካም። «ሚሳይሉ ሰልፍ ላይ ታይቷል፤ ከካርቶን የተሠራ ነው የሚል ወሬ አለ» ብሎ ቢመልስለት ይበቃል።

ካርታውን አለማደስ። ከየዙሩ በኋላ አዲስ ፎቶ ይለጠፍና ፒን ይደረግ፤ የድሮው ፒን ይነሳ። ሁለት ካርታ ፒን ተደርጎ ከቀረ ግማሹ በድሮው ያቅዳል።

ሒሳቡን ዘግይቶ ማውጣት። ዙር ከተዘጋ በኋላ በ1 ሰዓት ውስጥ ውጤቱ ይውጣ። ካልተቻለ «ነገ ጠዋት ይወጣል» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ለዚህ ዳኛው የሚከተለውን ቅጽ አዘጋጅቶ ያስቀምጥ፤ በየዙሩ ቁጥሮቹን ብቻ ይቀይራል፦

«ጨዋታ። የዙር __ ውጤት።
የሽሮ ሪፐብሊክ፦ ካሬ __፣ እህል __፣ ወርቅ __
የዳቦ መንግሥት፦ ካሬ __፣ እህል __፣ ወርቅ __
ታላቋ ቆሎ፦ ካሬ __፣ እህል __፣ ወርቅ __
ዘመቻ፦ ከ__ ወደ __፣ ዳይስ __ እና __፣ ውጤት __
የሚቀጥለው መዝጊያ፦ __ ምሽት 2፡00 በሀበሻ፣ 20፡00 በፈረንጅ፣ የአዲስ አበባ ሰዓት»